በምን አወቅህ?

በስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ፣ ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደጃፍ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣና አየር ላይ ያልቃል። ጎብኚዎች ፎቶ ይነሡበታል፤ ተማሪዎች ከክፍል ወደ ክፍል ሲጣደፉ ቀና ብለው ሳያዩት ያልፉታል። ያቆሙት ፋሺስቶች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በ1915 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈችውን አንዲት ዓመት እንዲቆጥር ታስቦ የተሠራ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ግን ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ በቃ። የድሮ የሰዋስው መምህራን ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ ማሠሪያ አንቀጽ ይሉታል፤ አማርኛ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው አንጠልጥሎ ይሄድና በዚያች አንዲት ቃል ያስረዋል፣ ሲፈልግም ይገለብጠዋል። አንበሳው ለዚያ ደረጃ ማሠሪያ አንቀጹ ነው። ከሥር ያለውን ሁሉ የጻፈው ባላጋራ ነው፤ የመጨረሻዋን ቃል የጨመረው ግን ባለአገሩ ነው። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ ሁለቱንም ባላነበብናቸው ነበር።

ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃም ቀደም ሲል ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በወረራው ዘመን የጣሊያን እንደራሴ መቀመጫ ሆነ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በእንደራሴው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት የሚዘክረው ሐውልት ከበሩ ውጪ፣ አደባባዩ መሃል ይታያል። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑትም በዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ዓመት እንደሞላ፣ በታኅሣሥ 1954፣ ቤተ መንግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ። እንግዲህ እዚህ ግቢ ታሪክ የሚማር ልጅ ማስረጃውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቁጭ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። ችግሩ ማስረጃ መሆኑን የሚያይ ዓይን ከእናት ማሕፀን ይዞ የሚወጣ የለም። ዓይኑ ይሠራል፤ ለመሥራትም ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል።

ይህን ዓይን መሥራት ያለበት የታሪክ ትምህርት ክፍል፣ ተማሪዎች በራሳቸው አፍ ሂስትሪ ዲፓርትመንት የሚሉት፣ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኝበትን ደረጃ ለማወቅ አንዲት ግሥ ትበቃለች። የፍሬሽማን ዓመት አልቆ የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ሲሞላ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ከላይ ይሰለፋሉ፤ ሂስትሪ ከታች ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ አይጻፍም። ምደባው ሲለጠፍ ኢኮኖሚክስ የገባው «ኢኮኖሚክስ ገባሁ» ይላል፤ ታሪክ የተመደበው ግን «ሂስትሪ ደረሰኝ» ይላል፤ ዕጣ ወጥቶበት እንደ መጣ ነገር። ቤት ሲደውልም ከወዲያ ጫፍ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ተምረህ ምን ልትሆን? በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ከመቶ ተማሪ ሰባውን ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚመድብ ፖሊሲ አወጣ፤ ታሪክም ከሠላሳው ውስጥ የሚተርፈውን ይቃርም ጀመር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥብቅ ቁጥጥር ሲደረግበት ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ወደ ግቢ የሚገባው ተማሪ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚራቆቱት ማንም በፈቃዱ የማይመርጣቸው ክፍሎች ናቸው።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው ይህ ሁሉ የሚሆነው በታሪክ ስም ሲጨቃጨቅ በሚውልና በሚያድር አገር መሆኑ ነው። የሰንደቅ ዓላማ ክርክር፣ የሐውልት ክርክር፣ የወሰን ክርክር፣ የከተማ ስም ክርክር፣ ሁሉም የሚጠቅሰው ታሪክን ነው። ስለ አክሱም፣ ስለ ገዳ፣ ስለ አድዋ፣ ስለ ምኒልክ አስተያየት የሌለው የታክሲ ተሳፋሪ ብርቅ ነው። ታዲያ አገሩ በአፉ እንዲህ የሚወደውን ትምህርት በፎርሙ ለምን ይሸሸዋል? መልሱ ሁለቱ አንድ ነገር ስላልሆኑ ነው ባይ ነኝ። ጭቅጭቁ የሚሻው ታሪክን እንደ ሰነድ ሳይሆን እንደ ጥይት ነው። ዲፓርትመንቱ በደንብ ሲሠራ የሚያስተምረው ደግሞ ጭቅጭቁ የሚፈራውን አንድ ጥያቄ ነው፦ በምን አወቅህ? የታሪክ ዲግሪ ዋጋው በነገሥታት ስምና በዓመተ ምሕረት ብዛት ቢለካ ኖሮ ስልካችን ከሁላችን ይበልጥ በተማረ። ዋጋው ያችን ጥያቄ አስቀድሞ ራስን፣ ቀጥሎ ሌላውን መጠየቅ መልመድ ነው፤ ይህን ልማድ እንደ ታሪክ ክፍል ዋና ሥራዬ ብሎ የያዘ ሌላ የትምህርት ክፍል አላውቅም።

ጥያቄዋ በተግባር ምን እንደምትመስል ለማየት ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ የሚለውን ምሳሌ ላንሣ። የውጫሌ ውል፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17። ትምህርት ቤት የቀመስን ሁሉ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ እንናገረዋለን፦ ጣሊያን አጭበረበረ፣ ምኒልክ ነቃ፣ አድዋ ተዘመተ። ይህ ትረካ ውሸት አይደለም። ግን ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ነገሩ በዝግታ መሄድ ይጀምራል። የአማርኛው ጽሑፍ ማሠሪያ አንቀጽ «ይቻላቸዋል» ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ የጣሊያንን መንግሥት መላላኪያ ማድረግ ይችላሉ፣ ካልፈለጉም ይተዉታል። የጣሊያንኛው ግሥ «ኮንሴንቴ» ነው፤ ይስማማል፣ ይፈቅዳል እንደማለት ነው። ሮም ይህችን «ይስማማል» ግዴታ አድርጋ ተረጎመችና ኢትዮጵያ በእኔ ጥላ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ልብ በሉ፤ የጣሊያንኛው ቃል ራሱ በግልጽ «ግዴታ አለበት» አይልም። በዚያ ላይ የዚሁ ውል አንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የተስማሙ፣ እኩል የሚጸኑ መሆናቸውን ይናገራል። ሰነዱ ስለ ራሱ በሐሰት የመሰከረ ሰነድ ነው።

በስድስት ኪሎ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማረው ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ስለዚህች አንቀጽ ባወጣው ጥናት ያደረገው ሁለቱን ቃል ማነጻጸር ብቻ አልነበረም። ከውሉ በፊትና በኋላ የተጻጻፉትን ደብዳቤዎች በቀናቸው ተራ ደርድሮ፣ ማን መቼ ምን ያውቅ ነበር ብሎ ጠየቀ። ምኒልክ ስለ ዘውድ መጫናቸው በቀጥታ ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈዋል፤ ግዴታ ገብቻለሁ ብሎ የሚያምን ሰው እንዲህ ያደርጋል? ከለንደንና ከበርሊን የመጣው መልስ «በጣሊያን በኩል ላኩ» የሚል ሆኖ ሲገኝ ነው ጉዱ የፈነዳው። ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ ካርሎ ጂሊዮ ለሩበንሰን መልስ ጻፈ፣ ሩበንሰንም መልሶ ጻፈ፤ ክርክራቸው ተደራዳሪው አንቶኔሊ ምን ያህል ያውቅ ነበር፣ ጥፋቱስ የት ላይ ተፈጸመ በሚለው ላይ ነበር። ሁለት ሰዎች፣ ያው ወረቀት፣ የተለያየ ንባብ። አንዱ ሌላውን በዘሩ ወይም በአገሩ ሊያሳጣው አይችልም ነበር፤ የሚያሸንፈው ደብዳቤ ይዞ የመጣው ነው። ይህን ክርክር አንድ ሴሚስተር ሙሉ የተከታተለ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከዚያ በኋላ «ሰነዱ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀበልም። የትኛው ቅጂ? በየትኛው ቋንቋ? ማን ተረጎመው? ማን ሊያነበው ተጻፈ?

እስካሁን ያልሁት ሌላ ሰው ያገኘውን ማስረጃ ስለማንበብ ነው። ትምህርቱ ሙሉ የሚሆነው በመጨረሻው ዓመት፣ ተማሪው ራሱ ማስረጃ ፈልጎ ሲያመጣ ነው። ሲኒየር ኤሴይ ይሉታል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ። የስድስት ኪሎ ታሪክ ክፍል ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያቆየው ትልቁ ልማድ ይህ ይመስለኛል፦ ተማሪው ወደ ተወለደበት ወይም ወደሚያውቀው አገር ይሂድና ማንም ያልጻፈውን አንድ ነገር ጽፎ ይምጣ። የአንድ ገበያ ታሪክ፣ የአንድ ደብር የመሬት ይዞታ፣ የአንድ ከተማ አመሠራረት፣ የአንድ አውራጃ ባላባቶች፣ የአንድ ንግድ መስመር። ርእሱ ጠባብ ነው፤ መጥበቡ ነው ጥቅሙ። ስለ አገር አንድነት ሃምሳ ገጽ መጻፍ ለማንም አይከብድም። በአንድ ወረዳ ቅዳሜ የሚቆመው ገበያ ለምን ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ የሚለውን ለማስረዳት ግን ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

መጠየቁ ደግሞ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። የሩቅ ዘመንን የሚያስታውስ ሽማግሌ ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አይነግርህም። ጨዋታው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። «አባባ፣ ገበያው የተዛወረው መቼ ነው?» ትላለች ተማሪዋ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ። «ኧረ ቆይቷል ልጄ። ያኔ ሁለተኛው ልጄ ገና አልተወለደም።» «ዘማቾቹ ከመጡ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» እዚህ ላይ ሽማግሌው ዝም ይላሉ፤ ያስባሉ። «በፊት። መጋቢ ወንድሜ ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ ገበያው ሲነሣ የተቆጡት እሳቸው ናቸው።» የእድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው ታኅሣሥ 1967 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት። ልጅቱ ቀጥላ የወንድማቸውን መቃብር ወይም የተዝካራቸውን ዓመት ታጣራለች፣ ሌላ ሽማግሌ ትጠይቃለች፣ ከቀበሌው የግብር ደረሰኝ ካለ ታያለች፤ በሦስተኛው ቀን «በ1964 እና በ1966 መካከል» ብላ ትጽፋለች። ክፉ ቀን፣ የኅዳር በሽታ፣ ጣሊያን የገባ ዓመት፣ መሬት ላራሹ፣ ሰባ ሰባት፦ ሕዝቡ ያለ ቁጥር ዘመን የሚቆጥርባቸው ችካሎች ናቸው፤ ተማሪዋ ችካሉን ወደ ቁጥር ትመልሳለች። የሰው ቃል እንዴት እንደሚመዘን ቤልጂጋዊው ያን ቫንሲና በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለአፍሪካ ታሪክ ጸሐፊዎች መንገዱን አሳይቶ ነበር። እዚህ ግን መጽሐፉን ያላነበበ ልጅም እግሩ ሜዳውን ሲረግጥ ይማረዋል፤ ሁለት ሽማግሌዎች አንድን ነገር በአንድ ቃል፣ በአንድ ተርታ ከነገሩት ሁለቱም ከአንድ ሰው ሰምተውታል ማለት ሊሆን እንደሚችል፣ ስለዚህ ሁለት ምስክር መስሎት የቆጠረው አንድ ምስክር እንደሆነ።

እነዚህ ጽሑፎች በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። የድሮዎቹ በታይፕ የተመቱ ናቸው፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ የካርቦኑ ቀለም ደብዝዟል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የጻፈው ምን ዋጋ አለው የሚል ሰው የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ በየምዕራፉ መጨረሻ የተጠቀሱትን ምንጮች ያገላብጥ፤ ከታላላቆቹ ሊቃውንት ሥራ ጎን ያልታተሙ የመመረቂያ ጽሑፎችን ያገኛል። ዓለም ስለ አንዳንድ የኢትዮጵያ ገጠር የሚያውቀው ነገር ተማሪ በበጋ ዕረፍቱ በእግሩ ሄዶ በደብተሩ ያመጣው ነው። በስድስት ኪሎ ታሪክ ክፍል ያስተማረው ዶናልድ ክረሚ በኋላ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያኑ መንግሥት የመሬት ሥሪት ባወጣው መጽሐፍ የተመረኮዘው በብራና ወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ በተጻፉ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ማስታወሻዎች ላይ ነው፦ ማን ለማን ሸጠ፣ በምን ያህል፣ እማኞቹ እነማን ነበሩ። ካህኑ ወንጌሉን ሲሳለሙ ሕዝቡ የሚያየው የብሩን ሽፋን ነው፤ ለታሪክ ተማሪ ወርቁ ኅዳጉ ላይ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያውና ብርቱው ስልኩን ያነሣችው እናት ጥያቄ ነው፦ ምን ሊበላ? ይህን ጥያቄ የሚንቅ ሰው ጠግቦ ያደረ ነው። የታሪክ ምሩቅ ዋና መተዳደሪያ መምህርነት ነበር፤ አሁን ለዚያም ከዲግሪው በኋላ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ ይጠየቃል። የባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ሙዚየም፣ ሚዲያ የሚወስዱት ጥቂት ነው። ታሪክ ተምረህ ባለሀብት ትሆናለህ ብሎ የሚሰብክ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ግን «ጥቅም የለውም» እና «ደሞዙ ትንሽ ነው» የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ ተዋግተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ጠፋ። ጦርነቱ ቆሞ ጉዳዩ የሄግ የድንበር ኮሚሽን ዘንድ ሲቀርብ ክርክሩ የተካሄደው በምን ነበር? በ1900፣ በ1902 እና በ1908 እ.ኤ.አ. በተፈረሙ ውሎች፣ በድሮ ካርታዎችና መሬቱን ማን ሲያስተዳድር ኖረ በሚሉ መዝገቦች። የውጫሌው ጠረጴዛ፣ ያው ጥያቄ፦ የወንዙ ስም በየትኛው ካርታ ላይ የትኛውን ወንዝ ያመለክታል? ሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የተሰጠው ውሳኔ ባድመን ለኤርትራ ሲያደርግ አዲስ አበባ ላይ የተሰማው ድንጋጤ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ አንዱ አገሩ በእምነቱና በሰነዱ መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድሞ አለመመዘኑ ነበር። ሰነድ አንባቢ አገር ውስጥ ማፍራት ቅንጦት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም። ይህ ለተመደበው ልጅ የወር እንጀራ እንደማይሆን ግን አልክድም፤ ስለዚህም ብዙ ተማሪ ወደ ታሪክ ይጎርፍ አልልም። ጥቂት ይሁኑ፤ ግን ፈልገው የመጡ፣ ግእዝ ወይም ዐረብኛ የጨመሩ፣ መዝገብ ማንበብ የለመዱ ይሁኑ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ያንገበግባል። ታሪክ ያጣላል፤ ባይነካ ይሻላል ይላሉ አስተዋይ የሆኑ ሰዎች ጭምር። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ምስክር ልጥራ። በ1593 እ.ኤ.አ. አባ ባሕርይ የተባለ የጋሞ አካባቢ ካህን ስለ ኦሮሞ አጭር የግእዝ ድርሰት ጻፈ። ሰውዬው ገለልተኛ አልነበረም፤ ንብረቱ ተዘርፏል፣ አገሩን ለቋል፣ የድርሰቱ ርእስና ቃና የጠላት ነው። ዛሬ አንዱ ወገን ድርሰቱን የጥላቻ ሰነድ ብሎ ይጥለዋል፤ ሌላው ደግሞ ስድቡን መርጦ ያነሣዋል። የታሪክ ክፍል የሚያደርገው ሦስተኛ ነገር ነው። ባሕርይ ጠላት ሆኖ ሳለ የሉባዎቹን፣ ማለትም የገዳ ተረኞቹን፣ ስም በተራ፣ እያንዳንዱ በየስምንት ዓመቱ ሲለዋወጥ የዘመተበትን አገር ጽፏል፤ ስለዚህም በ16ኛው መቶ ዓመት የገዳ ሥርዓት እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚናገር ከእርሱ የቀደመ እንዲህ ያለ ዝርዝር ጽሑፍ ማግኘት ይቸግራል። መሐመድ ሐሰን የኦሮሞን ታሪክ ሲጽፍ ባሕርይን አልጣለውም፤ መረመረው። ከዚያም የሚገርመው አለ፦ ባሕርይ እኛ ብዙ ሆነን ለምን ተሸነፍን ብሎ ይጠይቅና የራሱን ኅብረተሰብ በአሥር ክፍል ከፍሎ፣ የሚዋጋው አንዱ ብቻ ነው፣ ዘጠኙ አይዋጉም ይላል። ጠላቱን ሊያወግዝ የተነሣ ሰው መጨረሻ ላይ የራሱን ቤት ፈተሸ። ጠላት ሳይፈልግ የሚያምነው ነገር ብዙ ጊዜ ከወዳጅ ሙገሳ የተሻለ ማስረጃ ነው። ይህን ማንበብ የተማረ ሰው ከባሕርይ ስድብ ወስዶ ጎረቤቱ ላይ አይወረውርም። የሚወረውረው ድርሰቱን ያላነበበው ነው።

ስለዚህ የሚያጣላው ታሪክ ሳይሆን የታሪክ ማጠቃለያ ነው። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለሁሉም አዲስ ገቢ ተማሪ የጋራ ኮርስ ሆነ፤ ስለ ሞጁሉ ይዘትም ብዙ ተባለ፣ ብዙ ተጨቃጨቅን። ጭቅጭቁ በአብዛኛው የእኛ ንጉሥ፣ የእኛ ጀግና፣ የእኛ በደል ስንት ገጽ ተሰጠው የሚል ነበር። ገጽ በኮታ ቢደለደል ሁሉም ወገን እርካታ አያገኝም፤ ቢያገኝም ተማሪው ምንም አልተማረም። በዚያ ሞጁል ፋንታ አራት ሰነድ ብቻ ቢሰጠው፣ የውጫሌን ሁለት ቅጂ፣ ባሕርይን፣ ከዐረብ ፈቂህ የኢማም አሕመድ ዘመቻ ዜና አንድ ምዕራፍ፣ ከእርሱም ትይዩ የክርስቲያኑን ዜና መዋዕል፣ አንድ ሴሚስተር ሲታገላቸው ቢቆይ የበለጠ ይጠቅመው ነበር ብዬ አምናለሁ። የመማሪያ ክፍሉ ሰማንያ ተማሪ እንደሚይዝ፣ መምህሩም ሌሎች ሦስት ክፍሎች እንዳሉበት አውቃለሁ። ቢሆንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ታሪክ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም የሚል ነው። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ በመንግሥት ሥራና በዲፕሎማሲ እያገለገሉ ትውልድ ያነበበውን ታሪክ ጽፈው የለምን? ጽፈዋል። ከእሳቸው በፊትም ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ አፄ ምኒልክ በጻፈው፣ ታሪክ ጸሐፊ ያለፈውን የሚያይ ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና የሚገልጽበት ቋንቋ ያስፈልገዋል ብሎ የአገሩን ታሪክ ጸሐፊዎች ወቅሷል። ሁለቱም ዲፓርትመንት አልገቡም፤ ግን ሁለቱም ያደረጉት ዲፓርትመንቱ ማድረግ ያለበትን ነው፤ በራሳቸው ላይ ጠንካራ አርታኢ ነበሩ። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ሰው በየትውልዱ አንድ ሁለት ትሰጣለች። የተቀረነው መምህር፣ ቀይ እስክሪብቶና «ይህን ከየት አመጣኸው?» የሚል የኅዳግ ማስታወሻ ያስፈልገናል። ዛሬ ደግሞ ማንም ሰው ስልኩ ላይ አሮጌ ፎቶ ለጥፎ ሥሩ የፈለገውን ጽፎ በአንድ ሌሊት መቶ ሺህ ሰው ያዳርሳል። ፎቶው ከየት አገር፣ ከየትኛው ዓመት፣ የማን ካሜራ የሚለውን የሚጠይቅ ሰው ከመቶ ሺህ ውስጥ ስንት ይሆናል?

የታሪክ ክፍሎቹ ራሳቸው ንጹሕ ናቸው ብዬ ግን አልከራከርም። በብዙ ግቢ ተማሪው ሃንድአውት ሸምድዶ፣ ፈተና ላይ ተፍቶት፣ ረስቶት ይወጣል። ካምፓስ ዙሪያ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ስሙ ተቀይሮ እንደሚሸጥ የማያውቅ መምህር የለም፤ ዲግሪውን እንዲህ ያገኘ ሰው «በምን አወቅህ?» ሲባል ምን እንደሚመልስ አስቡት። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የቋንቋው ነገር ነው። ተማሪዋ ሽማግሌውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ትጠይቃለች፤ ጽሑፏን በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ርስት፣ ጉልት፣ ቀላድ፣ ማደሪያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መብትና ግዴታ ያላቸው ሆነው ሳለ በትርጉም ወደ አንድ የውጭ ቃል ይጨፈለቃሉ። ከውጫሌ ወዲህ መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎ አሁንም ነገር የሚጠፋብን ከአማርኛ ወደ ፈረንጅ ቋንቋ ስንሻገር ነው። ጽሑፉም አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ የነገሯት ሽማግሌ አያነቡትም፣ ልጃቸውም አያነበውም፣ የወረዳው ትምህርት ቤት ቅጂ የለውም። አንድ ቅጂ በሰውዬው ቋንቋ ወደ ወረዳው ይመለስ ቢባል ይህ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ መወሰን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ለማንኛውም ከእነዚያ በታይፕ ከተመቱት ጽሑፎች አንዱን ሲያነሡ ከፊተኛው ገጽ ሳይሆን ከመጨረሻው መጀመር ጥሩ ነው። እዚያ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ፤ በሠንጠረዥ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፤ በመጨረሻም ጠበብ ያለች አምድ፣ አስተያየት የምትል። ተማሪው በዚያች አምድ ስለ እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ቃላት ይጽፋል፦ የቀድሞ ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ስለ ግብር ብዙ ያውቃሉ። ገበሬ ናቸው፤ የዓመታቱ ቅደም ተከተል ላይ ይጠራጠራሉ። ነጋዴ ነበሩ፤ ስለ ገበያው የነገሩኝ ከሌሎቹ ይለያል።